ደሙ ከመቀዳቱ በፊት፦ የቤይዚያን ሙከራ ንድፍን በኮምፒውተር ማስላት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራማሪ አሥራ ሁለት ቁጥሮች የሰፈሩበት ሠንጠረዥ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሊያውቅ የፈለገው አንድ መድኃኒት ከደም ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ነበር። አሥራ ሁለቱም ናሙናዎች የተቀዱት መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ20 ሰዓት በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰዓቱ ለላቦራቶሪው ሠራተኞች ስለተመቸ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ማታ ወረቀት ላይ ስሌት ስሠራ፣ በ5ኛው ሰዓት የተቀዳ አንድ ናሙና ብቻውን ከእነዚያ አሥራ ሁለቱ የበለጠ ይነግረን እንደነበር አገኘሁ። ደሙ ግን ተቀድቷል፣ መርፌው ክንድ ወግቷል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው «ተንትንልኝ» ብሎ ሲመጣ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተለክቷል ወይስ ገና ነው?» የሚል ሆኗል። «ገና ነው» ለሚሉት የማደርገውን እነሆ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የማታውቁትን ጻፉ

የቤይዚያን ንድፍ፣ ማለትም ቅድመ ግምትን በልኬት እያረሙ በመማር ላይ የተመሠረተው ንድፍ፣ አራት ነገሮችን ይጠይቃል። እነሱም ውጤቱ እንዴት እንደሚፈጠር የሚገልጽ ሞዴል፣ ስለማይታወቀው መጠን ከሙከራው በፊት ያለን ቅድመ ግምት፣ የልኬት ስህተቱ ጠባይ፣ እንዲሁም በእጃችን ያለው ምርጫ ናቸው። በእኛ ምሳሌ ምርጫው ደም የሚቀዳበት ሰዓት ነው።

ሞዴሉ ቀላል ይሁን። የመነሻ ክምችቱ በሊትር 10 ሚሊግራም መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ በኤክስፖኔንሺያል መንገድ፣ ማለትም በየሰዓቱ ከቀረው ላይ አንድ ዓይነት እጅ እየጎደለ፣ ይቀንሳል። የማይታወቀው የመውጫ ፍጥነቱ ነው። ቅድመ ግምታችን መካከለኛው እሴት በሰዓት 0.2 ነው ይላል፤ ጥርጣሬያችንን ደግሞ በፍጥነቱ ሎጋሪዝም ላይ 0.5 በሆነ መደበኛ ልይይት (standard deviation፣ የመበተን ልክ) እንገልጸዋለን። የመሣሪያው ስህተት መደበኛ ልይይት በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነው።

ከእነዚህ መካከል ሰዎች ቸኩለው የሚያልፉት ስህተቱን ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅሙን ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስህተቱ በክምችቱ መጠን የማይለወጥ ከሆነና ፍጥነቱን ከሞላ ጎደል ካወቅነው፣ ምርጡ የመቅጃ ሰዓት አንድ ለፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በእኛ ምሳሌ 5ኛው ሰዓት። ስህተቱ የክምችቱ መቶኛ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሎጋሪዝም ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚሆን ምርጡ ሰዓት የተፈቀደው የመጨረሻው ሰዓት ይሆናል። ኩርባው አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ሆኖ ሳለ ስለ መሣሪያው የጻፍነው አንድ መስመር ብቻ መልሱን ከ5 ሰዓት ወደ መጨረሻው የተፈቀደ ሰዓት፣ በእኛ ምሳሌ ወደ 24 ሰዓት፣ ያሻግረዋል። እውነተኛ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይነት ስህተት ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ ወደ ስሌቱ ከመግባታችሁ በፊት ያንኑ ናሙና በዝቅተኛና በከፍተኛ ክምችት ደጋግመው የለኩበት መዝገብ እንዳላቸው የላቦራቶሪውን ሰዎች ጠይቁ። አንድ ቀን የፈጀ ጥያቄ አንድ ወር ከፈጀ ኮድ የበለጠ ንድፌን ያስተካከለበት ጊዜ ነበር።

ጥሩ ንድፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ዴኒስ ሊንድሊ በ1956 ያቀረበው መስፈርት ዛሬም የአብዛኛው ሥራ መሠረት ነው። አንድ ንድፍ የሚመዘነው ከሙከራው በኋላ ጥርጣሬያችን በአማካይ ምን ያህል እንደሚቀንስ በማስላት ነው። ጥርጣሬው የሚለካው በኤንትሮፒ፣ ማለትም ግምታችን ምን ያህል የተበተነ እንደሆነ በሚገልጽ ቁጥር፣ ነው፤ ልዩነቱም የሚጠበቅ የመረጃ ትርፍ ይባላል። በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ካሰላነው መለኪያው «ናት» (nat) የሚባል አሃድ ነው። ሁሉም ነገር ኖርማል የሚባለውን የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት ሲከተል ቁጥሩ ቀላል ትርጉም አለው፤ አንድ ናት ማለት መደበኛ ልይይታችን በግምት ወደ 37 በመቶው ወረደ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ በእጃችሁ የምትሠሩት ግምት አለ፤ በፍጹም አትዝለሉት። ኩርባውን በቅድመ ግምቱ መካከለኛ እሴት ዙሪያ እንደ ቀጥታ መስመር እንየው። ፍጥነቱን በሰዓቱ አባዙ፤ በ5ኛው ሰዓት ብዜቱ 1 ይሆናል። በዚያ ሰዓት የቀረው ክምችት የመነሻው 0.368 እጅ ነው። ሁለቱን አባዝታችሁ በ10 ስታበዙ 3.68 ታገኛላችሁ፤ ይህም ክምችቱ ለፍጥነቱ ሎጋሪዝም ያለው ስሜት ነው፤ ማለትም የፍጥነቱ ሎጋሪዝም በጥቂቱ ሲለወጥ ክምችቱ በስንት እጥፉ እንደሚለወጥ። ለስህተቱ 0.5 አካፍሉ፣ በቅድመ ግምቱ ልይይት 0.5 አባዙ፤ ተመልሶ 3.68 ይሆናል። ካሬው 13.5 ነው፤ 1 ደምሩና የተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ግማሽ ውሰዱ፤ 1.34 ናት።

ይህንኑ በ20ኛው ሰዓት ብትሠሩ 0.21 ብቻ ታገኛላችሁ። በዚያ ሰዓት የቀረው ክምችት በሊትር 0.18 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን የመሣሪያው ስህተት ደግሞ 0.5 ነውና ልኬቱ ከስህተቱ በታች ተቀብሯል። አሥራ ሁለት ናሙና ስትቀዱ ካሬው በአሥራ ሁለት ይባዛል፤ ትርፉ ግን በሎጋሪዝም ስለሚያድግ 1.00 ላይ ይቆማል። ያን ዕለት ማታ ያገኘሁት ቁጥር ይህ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ 1.00፣ አንዷ 1.34።

ይህ ግምት ፍጥነቱ በትክክል 0.2 በሆነበት ዙሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ፍጥነቱ ቀርፋፋ ቢሆን 20ኛው ሰዓት የተሻለ፣ 5ኛው ሰዓት ደግሞ ትንሽ የባሰ ይሆናል። ቤይዚያን ለመሆን ስሌቱን በቅድመ ግምቱ ሁሉ ላይ ማማከል ያስፈልጋል። ከቅድመ ግምቱ ብዙ ፍጥነቶችን በዕጣ አውጡ፣ በእያንዳንዱ ይህንኑ የእጅ ስሌት ሥሩ፣ ከዚያም አማካዩን ውሰዱ። ፈጣን ነው፣ ለብዙ ሥራም ይበቃል። ልኬቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ወይም ኩርባው በጣም ሲጠመዝዝ ግን ያሳስታል፤ ያኔ ወደሚቀጥለው መንገድ እንሄዳለን።

በዕጣ ውስጥ ዕጣ

ዋናው መሣሪያ ብዙ ዕጣ እያወጡ አማካይ የሚወስዱበት የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ነው፤ ግን ተራው አይደለም፣ በውስጡ ሌላ የያዘው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቅድመ ግምቱ አንድ ፍጥነት በዕጣ አውጡ። በዚያ ፍጥነት፣ በመረጣችሁት ሰዓት፣ ከነስህተቱ ምናባዊ ልኬት ፍጠሩ። ልኬቱን በፈጠረው ፍጥነት ሥር የዚህን ልኬት ላይክሊሁድ (ፍጥነቱ ያ ቢሆን ይህ ልኬት የመታየት ዕድሉን) አስሉና ሎጋሪዝሙን ያዙ። ከዚያ ከቅድመ ግምቱ ሌሎች ብዙ ፍጥነቶችን አውጡ፤ ያው ልኬት በእያንዳንዳቸው ሥር ያለውን ላይክሊሁድ አስሉ፣ አማካዩን ውሰዱ፣ ሎጋሪዝሙን ያዙ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሲቀነስ የአንድ ዕጣ ትርፍ ነው። ይህን አሥር ሺህ ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በሐሳብ ደረጃ ያለው ይህ ነው። አሥር ሺህ የውጪ ዕጣና መቶ የውስጥ ዕጣ ማለት ለአንድ ሰዓት ብቻ አንድ ሚሊዮን ላይክሊሁድ ነው። ዋጋውም በደንብ መታወቅ አለበት። በተራው ሞንቴ ካርሎ ስህተትን አሥር ጊዜ ለመቀነስ ሥራውን መቶ ጊዜ ማብዛት ይበቃል፤ እዚህ ግን ሁለቱን ዕጣዎች በተሻለው ምጣኔ ብታሳድጉም ሺህ ጊዜ ያስፈልጋል። ያ ምጣኔ የውስጡ ዕጣ ከውጪው ካሬ ሥር ጋር አብሮ እንዲያድግ ማድረግ ነው። የውጪውን ሚሊዮን አድርገው የውስጡን አሥር ላይ የሚተዉ ሰዎች በጣም በእርግጠኝነት የተሳሳተ ቁጥር ያገኛሉ።

ለምን እንደሚሳሳት ልብ በሉ፤ የዚህ ዘዴ ቁልፉ እዚህ ነው። የውስጡ አማካይ ራሱ አይዛነፍም፤ ሎጋሪዝሙ ግን ይዛነፋል፤ ሎጋሪዝም ወደ ታች የጎበጠ ስለሆነ በአማካይ ዝቅ ይላል። የምንቀንሰው ነገር ዝቅ ሲል ውጤቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዘዴው ሁልጊዜ በአማካይ ከእውነቱ በላይ ይናገራል። የሚያስፈራው ደግሞ ዝንፈቱ ለሁሉም ንድፍ እኩል አለመሆኑ ነው። ልኬቱ ጥርት ባለ ቁጥር ላይክሊሁዱ ጠባብ ጫፍ ይሆናል፤ ከውስጥ ዕጣዎቹ መካከል ጫፉን የሚነኩት ጥቂት ናቸውና ዝንፈቱ ይበረታል። ማለትም ስህተቱ አንዳንድ ንድፎችን ለይቶ ያሞግሳል።

መፍትሔዬ ሁለት ግምቶችን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በሁለተኛው ግምት፣ ልኬቱን የፈጠረው ፍጥነት ራሱ በውስጡ አማካይ ውስጥ አብሮ ይቆጠራል። በዚህ ትንሽ ለውጥ ግምቱ በአማካይ ከእውነቱ በታች ይሆናል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ክፍተቱ እስኪጠብ የውስጥ ዕጣውን ጨምሩ። የታችኛው ግምት ጣሪያ እንዳለው አትርሱ። ዘጠኝ ተጨማሪ ዕጣዎች ካሉት ልኬቱን ከፈጠረው ጋር አሥር ናቸውና፣ ከአሥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ከ2.30 ናት፣ መብለጥ አይችልም፤ እውነቱ 5 ናት ቢሆንም እንኳ።

መልሱ በሚታወቅ ቦታ ፈትኑት

ኮዱን በእውነተኛው ጥያቄ ላይ ከማስኬዳችሁ በፊት መልሱን በእጅ በምታውቁት ጥያቄ ላይ አስኪዱት። የማይታወቀው መጠን አማካዩ ዜሮ፣ ልይይቱ አንድ የሆነ ኖርማል ይሁን፤ ልኬቱ የመጠኑ ሦስት እጥፍ ሲደመር ስህተት ይሁን። የስህተቱ ልይይት 1 ሲሆን ትክክለኛው መልስ የ10 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ግማሽ፣ 1.151 ናት ነው። ልይይቱ 0.1 ሲሆን የ901 ሎጋሪዝም ግማሽ፣ 3.402 ነው። ሁለቱንም ፈትኑ። የመጀመሪያውን በመቶ የውስጥ ዕጣ በቀላሉ ታገኙታላችሁ፤ ሁለተኛው ላይ ሁለቱ ግምቶች ሲራራቁ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ያኔ ስለ ዝንፈቱ የጻፍኩት ትርጉም ይኖረዋል።

ይህን ፈተና የማጠብቀው አንድ ጊዜ ዘልዬው ስለነበር ነው። ብዙ ልኬቶች ያሉት ንድፍ ሳሰላ ላይክሊሁዶቹን በቀጥታ አባዝቼ ነበር። የብዙ ትናንሽ ቁጥሮች ብዜት ሎጋሪዝሙ ከነጌቲቭ 745 ገደማ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ዜሮ ብሎ ይመዘግበዋል። የውስጡ ዕጣ ሁሉ ዜሮ ሲሆን የዜሮ ሎጋሪዝም ወደ ወሰን የለሽ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ እነዚያን ረድፎች «ብልሽት» ብዬ ከአማካዩ አስወጥቼ ነበር። የወጡት ረድፎች በትክክል ከፍተኛ መረጃ የያዙት ነበሩ። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ንድፍ በዚህ ምክንያት ተገልብጦ ተገኘ። መፍትሔው በሎጋሪዝም ብቻ መሥራት ነው። ሎጋሪዝሞቹን ደምሩ፤ አማካዩን ስትወስዱ ትልቁን ከሁሉም ቀንሱ፣ ከዚያ ወደ ኤክስፖኔንሺያል መልሱ፣ ደምሩ፣ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ የቀነሳችሁትን መልሳችሁ ጨምሩ። አብዛኞቹ የስሌት ጥቅሎች ይህን የሚሠራ ዝግጁ ተግባር አላቸው። እናንተ ብቻ አንድም ረድፍ አትጣሉ።

ውጤቱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ሲሆን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። የሚቻሉት መልሶች ሁለት ስለሆኑ ልኬትን በዕጣ መፍጠር አይገባም፤ ሁለቱንም ቆጥራችሁ አስሉ። ከቅድመ ግምቱ ባወጣችሁት በእያንዳንዱ ዕጣ «አዎ» የመሆን ዕድሉን አግኙ። የአማካዩን ዕድል ኤንትሮፒ ወስዳችሁ የኤንትሮፒዎቹን አማካይ ቀንሱ፤ አለቀ። አንድ ዓይነት ዕጣ ለሁለቱም ይበቃል። አንድ ጥያቄ ከ0.693 ናት በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ከዚያ የበለጠ ካያችሁ ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ።

ሞዴሉ ራሱ ለማስላት ደቂቃዎች የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ የውጪ ዕጣ አዲስ የውስጥ ዕጣ አታውጡ። አንድ የዕጣ ስብስብ አውጥታችሁ ሞዴሉን በእያንዳንዱ ዕጣ ላይ አንድ ጊዜ አስኪዱና ለሁሉም ተጠቀሙበት። የሞዴሉ ጥሪዎች ከብዜት ወደ ድምር ይወርዳሉ።

ምርጡን መፈለግ

አንድ ሰዓት ብቻ የምንመርጥ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ 24 ሰዓት በግማሽ ሰዓት እየተራመድን 48 ነጥቦችን አስልተን ኩርባውን መሳል ነው። ሥዕሉን ሳላይ ምንም ዓይነት የማሻሻያ ስልት አልጠራም። ስድስት ሰዓቶችን የምንመርጥ ከሆነ ግን ቅደም ተከተልን ብንቆጥር ጥምረቶቹ ከ12 ቢሊዮን ይበልጣሉ። ያኔ አምስቱን አቁሞ አንዱን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ለእሱ ምርጡን መያዝ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል፤ አንድ ዙር 288 ስሌት ብቻ ነው። ኦቨርስታል እና ዉድስ በ2017 ያቀረቡት ዘዴ ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ የሚዋዥቀውን ግምት ጋውሲያን ፕሮሰስ በሚባል ለስላሳ ኩርባ የማስማሚያ ስልት እያለሰለሰ ይሄዳል። R ለሚባለው የስታቲስቲክስ ኮምፒውተር ቋንቋ የተዘጋጀ ጥቅልም አለው። ከተለያየ መነሻ ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ አንድ ጉብታ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

በፍለጋው ወቅት ለሁሉም ንድፍ አንድ ዓይነት ዕጣ ተጠቀሙ፤ ማለትም ፍጥነቶቹና መደበኛ ስህተቶቹ አንድ ጊዜ ወጥተው ይቀመጡ፣ የሚለወጠው ሰዓቱ ብቻ ይሁን። አለዚያ የምታወዳድሩት ንድፎቹን ሳይሆን የዕጣዎቹን ዕድለኝነት ነው። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው የመጀመሪያዎቹን አምስት ንድፎች በአዲስና በበዛ ዕጣ እንደገና አስሉ። ከብዙ ተወዳዳሪ መካከል አንደኛ የወጣው ግማሽ ብልጫው ዕድል ሊሆን ይችላል።

በንድፉ ውስጥ የምንመርጣቸው ነገሮች በደርዘን የሚቆጠሩ ሲሆኑ የታችኛውን ግምት በግራዲየንት፣ ማለትም ዳገቱ ወደሚያመራበት አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ እየተራመዱ፣ መውጣት ይቻላል፤ ፓይሮን የመሰሉ የፓይተን ጥቅሎች ለዚህ መነሻ የሚሆን ክፍል አላቸው። ሞዴሉ ከመነሻው እስከ ልኬቱ ድረስ ዴሪቫቲቩ ሊሰላ በሚችል መንገድ ከተጻፈ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ በትንሽ ሥሪት ላይ ከ48ቱ ነጥቦች ሥዕል ጋር ሳላመሳክር አልቀበለውም።

አንድ በአንድ ስንለካ

ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ከሆነ ሁሉን ነገር አስቀድሞ መወሰን የለብንም። አንድ ለኩ፣ ቅድመ ግምቱን ወደ ድኅረ ግምት (ከልኬቱ በኋላ ወዳለን ግምት) ቀይሩ፣ ያንን አዲስ ቅድመ ግምት አድርጋችሁ የሚቀጥለውን ምረጡ። በዕጣ የወጡት ፍጥነቶች እያንዳንዳቸው ክብደት ይያዙ፤ ልኬት በመጣ ቁጥር ክብደቱ በላይክሊሁዱ ይባዛል። ክብደቱ በጥቂቶች ላይ ሲከማች እንደገና ዕጣ አውጥታችሁ በጥቂቱ አናውጧቸው። የዓይንና የጆሮ ስሜትን በሚለኩ ጥናቶች ኮንሴቪች እና ታይለር በ1999 ያቀረቡት ዘዴ በዚህ መንገድ ከእያንዳንዱ ምላሽ በኋላ ቀጣዩን ማነቃቂያ ይመርጣል። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ስሌቱ አንድ ደቂቃ መፍጀት የለበትም። ለዚያ ጊዜ ሲባል ኒውራል ኔትወርክን አስቀድሞ በብዙ ምናባዊ ሙከራዎች አሠልጥኖ በሙከራው ሰዓት ወዲያው እንዲመልስ የማድረግ መንገድ ከ2021 ወዲህ ተስፋፍቷል። ድካሙ አይቀርም፣ ወደ ፊት ተዛወረ እንጂ።

ሞዴሉ ቢሳሳትስ?

ስሌቱ የሚያገለግለው የጻፍነውን ሞዴል ብቻ ነው። የመነሻ ክምችቱም ፍጥነቱም በማይታወቁበት ሁኔታ፣ ስህተቱ ቋሚ ከሆነና ስለ ፍጥነቱ በቂ ግምት ካለን፣ ምርጡ ንድፍ ግማሹን ናሙና በዜሮ ሰዓት፣ ግማሹን በ5ኛው ሰዓት መቅዳት ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ግን ማንኛውም ኩርባ ያልፋል። መድኃኒቱ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ የሚወጣ ቢሆን ይህ ንድፍ በፍጹም አያሳየንም። ስለዚህ ከናሙናዎቹ ከአምስት አንዱን ስሌቱ ላልመረጣቸው ሰዓቶች አስቀምጣለሁ፤ ይህ የእኔ ልማድ ነው፣ ቀመር የለውም። የሚያሳጣንን የመረጃ ትርፍም አስልቼ ለባለሙከራው አሳየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው።

በመጨረሻም የመረጃ ትርፉን ኮድ ጨርሶ ሳትነኩ ንድፉን በሌላ መንገድ ፈትኑ። ሁለት መቶ ምናባዊ ሙከራዎች ፍጠሩ፣ እያንዳንዱን በመጨረሻ በምትጠቀሙበት የትንተና ዘዴ ተንትኑ፣ የድኅረ ግምቱን ልይይት መዝግቡ። በ5ኛው ሰዓት የተቀዳው አንድ ናሙና ፍጥነቱ 0.2 በሆነበት ዙሪያ ልይይቱን ከ0.5 ወደ 0.13 ገደማ ማውረድ አለበት። ሌላ ነገር ካያችሁ ከሁለቱ ኮዶች አንዱ ተሳስቷል።

ለላቦራቶሪው የምሰጠው ወረቀት አንድ ሰዓት ብቻ አይዝም፤ ኩርባውን ከነጫፉ አብሬ እሰጣለሁ። በምሳሌያችን ከ4ኛው ሰዓት እስከ 6ኛው ሰዓት ከሩብ ድረስ ቢቀዳ በእጅ ስሌቱ የሚጠፋው ከ0.03 ናት ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሥሩ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ለእናንተ የሚመቸውን ምረጡ፤ ትክክለኛውን የቀዳችሁበትን ደቂቃ ግን መዝግቡልኝ።»